የወፍጮ ሞተር ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ስለሚደረግ ምርመራና ጥገና

በመንዝ፤ በግሼና በመርሐቤቴ ላሉ ሹማምንትና ባለወፍጮዎች የተሰናዳ ትምህርት

በመንዝ፤ በግሼና በመርሐቤቴ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች የባላገሩ ገብስ፤ ስንዴና ጤፍ የሚፈጨው በናፍጣ ሞተር በሚዞር ወፍጮ ነው። ሞተሩ የቆመ እንደ ሆነ እናቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ወይም በጀርባቸው አዝለው፤ ገደል ወርደው ገደል ወጥተው ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ። ይህም ካልተቻለ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ ያመሻሉ። ስለዚህ የአንድ ሞተር ደኅንነት የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአገሩ ሁሉ ጉዳይ ስለ ሆነ፤ ሹማምንት ነገሩን ሊያውቁትና ሊቈጣጠሩት ይገባል።

ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይሞትም። በጣና ሐይቅ ላይ እንደሚመላለሱት ጀልባዎች ባሉ ሞተሮች፤ እንዲሁም በትልልቅ የወፍጮና የመብራት ሞተሮች ላይ ዘይት ሲጐድል ወይም ሙቀት ሲበዛ ቀይ መብራት ይበራል፤ ደወልም ይጮኻል። በአንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ደግሞ የውሃውን ልክና የዘይቱን መውጣት የሚያሳዩ ቀያይ ምልክቶች አሉ። ይህም በሌለባቸው ድምፁ፤ ሽታውና ጢሱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ታዲያ ደወሉ ሲጮህ ሽቦውን ቈርጦ ሥራውን መቀጠል፤ ሌባ መጣ ብሎ የሚጮኸውን የማሳ ጠባቂ አፉን ከማፈን አይለይም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ በደወሉ ሰዓት በጥቂት ዘይት ወይም በአንድ ቺንጋ የሚድነው ሞተር፤ ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል።

ሞተር ለምን እንደሚግል

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1889 ዓ/ም፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1897፤ በተግባር ያሳየው ይህ ሞተር፤ ከናፍጣው ኃይል ለሥራ የሚያውለው ሲሶ ያህሉን ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ከጢሱና ከማቀዝቀዣው ጋር ይወጣል። ዘይት ብረቱ ከብረት ጋር እንዳይፋተግ ይጠብቃል፤ ውሃ ወይም ነፋስ ደግሞ ሙቀቱን ያወጣል። ከሁለቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል።

የደጋው ጠባይ በዚህ ላይ ይጨመራል። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፤ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው የመንዝ ደጋ በ90 ዲግሪ ግድም ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን አፍኖ ስለሚይዝ የመፍያውን ልክ ከ100 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የክዳኑ ጐማ ካረጀ ውሃው በ90 ዲግሪ ፈልቶ ይገነፍላል። ስለዚህ በቈላ ችግር ያላሳየ አሮጌ ክዳን በመንዝ ሞተር ሊያቃጥል ይችላል።

የአየሩም ግፊት በዚህ ከፍታ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየርን በራሱ የሚስብ ሞተር በዚህ ምክንያት ከኃይሉ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርስ ያጣል። በቈላ የሚፈጨውን ያህል እህል በደጋ ቢጫንበት፤ ናፍጣው በሚገባ ሳይቃጠል ጥቁር ጢስ ይወጣል፤ ሞተሩም ይግላል።

ደወሉ ሲጮህ በመጀመሪያ የሚደረገው

የዘይት ማስጠንቀቂያ ከሆነ ያለ አንዳች መዘግየት ናፍጣውን ዘግቶ ሞተሩን ማቆም ነው። የሙቀት ማስጠንቀቂያ ከሆነ ግን አስቀድሞ እህሉን ከወፍጮው ከልክሎ፤ ሞተሩን ያለ ጭነት ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ማስኬድ፤ ከዚያም ማቆም ይሻላል። ሆኖም ውሃው ፈስሶ ካለቀ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ወዲያው ይቆማል። የጋለ ራዲያተር ክዳን ከቶ አይከፈትም፤ የሚፈላው ውሃ ፊትና እጅ ይልጣልና። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ እስኪበርድ መታገሥ ያስፈልጋል።

የምርመራው ተራ

1ኛ፤ ዘይት። ሞተሩ በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ መለኪያው ዘንግ ወጥቶ ይጠረጋል፤ ዳግመኛ ገብቶ ይታያል። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ተሞልቶ የሚያፈስበት ስፍራ ይፈለጋል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ከልኩ በላይ ጨምሮ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ናፍጣ ገብቶበታል። በሁለቱም ሞተሩ ሳይነሣ ባለሙያ ይጠራል።

2ኛ፤ ውሃ። ከበረደ በኋላ የውሃው ልክ፤ የጐማ ቱቦዎቹና ክዳኑ ይታያሉ። ውሃቸው በክፍት ሣጥን ውስጥ እየፈላ በሚቀዘቅዙ ትንንሽ ሞተሮች እንፋሎት መታየቱ በሽታ አይደለም፤ በሽታው ቀዩ ምልክት ሲወርድ ውሃ አለመጨመሩ ነው።

3ኛ፤ ቺንጋና አቧራ። የማቀዝቀዣው ቺንጋ በመካከሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ጣት ያህል ብቻ መርገብ አለበት። ከላላ ይጠበቃል፤ ከተሰነጠቀ ይለወጣል። በወፍጮ ቤት ግን ብዙውን ጥፋት የሚያደርሰው የዱቄት ብናኝ ነው። ብናኙ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ከዘይትና ከእርጥበት ጋር ተለውሶ እንደ ጭቃ ይደርቃል፤ ነፋስም አያሳልፍም። ይህን በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ነፋሱ ከሚገባበት በተቃራኒው ወገን ማጽዳት፤ የአየሩንም ፊልትሮ ማራገፍ ይገባል።

4ኛ፤ ጭነት። ሁሉም ደኅና ሆኖ ጢሱ ከጠቈረ፤ ወደ ወፍጮው የሚወርደውን እህል መቀነስ ነው። ኃይል ይጨምራል ብሎ የናፍጣውን መጠን የሚወስነውን ብሎን መፍታት ጢስና ሙቀት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

5ኛ፤ ሽቦ። ደወሉ በሐሰት ይጮኻል ተብሎ የሚጠረጠረው እነዚህ አራቱ ከተመረመሩ በኋላ ብቻ ነው። በብዙ ሞተሮች ሽቦው ሞተሩ ላይ ከተተከለ ትንሽ መክፈቻና መዝጊያ ጋር ይገናኛል። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ሳለ ይህ ሽቦ ሲነቀል ደወሉ ካልተወ፤ ሽቦው በመንገዱ ተልጦ ብረት ነክቷል ማለት ስለ ሆነ የተላጠው ተፈልጎ ይሸፈናል። ደወሉ ከተወ ግን ሽቦው ደኅና ነው። የዘይት ደወል ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ሲከፈት መጮኹ የተገባ ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ያልተወ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ ይቆምና መዝጊያው ከመወቀሱ በፊት የዘይቱ ግፊት በመለኪያ ይታያል። ግፊቱ በእውነት ከጐደለ ሥራው የባለሙያ ነው፤ ኩሽኔታው ተበልቶ ሊሆን ይችላልና።

ዝም ያለም ደወል ያታልላል። ቁልፉ ሲከፈት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቀዩ የዘይት መብራት መብራት አለበት፤ ካልበራ አምፑሉ ወይም ሽቦው ሞቷል፤ ጠባቂውም ተኝቷል ማለት ነው። ይህ ምርመራ በየማለዳው ይደረጋል።

ስለ ውርጭ

ከመስከረም በኋላ በሚመጣው ውርጭ የደጋው ውሃ ሌሊት ሊረጋ ይችላል። የረጋ ውሃ ስለሚሰፋ የሞተሩን ብረት ይሰነጥቃል። ስለዚህ ወይ ውርጭን የሚከላከል ፈሳሽ ከውሃው ጋር ይደባለቃል፤ ወይ ማታ ውሃው ተለቅቆ ጠዋት ይሞላል። የተለቀቀበትን ሞተር ሳይሞሉ እንዳያስነሡት፤ ማታ «ውሃ የለም» የሚል ጽሑፍ ማንጠልጠል መልካም ነው። በብርድ የወፈረው ዘይት እስኪሠራጭም ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ይሂድ።

ከሹማምንት የሚጠበቀው

ሹማምንት ወፍጮ ቤቶችን ሲጐበኙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፤ የማስጠንቀቂያው ሽቦ ያልተቈረጠ መሆኑን። ሁለተኛ፤ ትርፍ ቺንጋ፤ የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ፤ የራዲያተር ክዳንና ዘይት በቤቱ መኖሩን፤ ከመሐል ሜዳ፤ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ገበያ እስኪመጣ ሕዝቡ ጦም እንዳያድር። ሦስተኛ፤ ዘይት የተለወጠበት ቀንና ደወል የጮኸበት ምክንያት በመዝገብ መጻፉን።

አዲስ ሞተር ለመንዝና ለግሼ በሚገዛበትም ጊዜ ኃይሉ በባሕር ጠለል ሳይሆን በ3,000 ሜትር ከፍታ ተሰልቶ ይመረጥ። ወፍጮ የሚያስነሣው ሠራተኛም ደወል ሰምቶ ሞተር በማቆሙ ገበያ አስፈታህ ተብሎ እንዳይወቀስ ሹማምንት ይጠብቁት። በጊዜው ያቆመ ሠራተኛ ያስፈታው የአንድ ቀን ገበያ ነው፤ ያላቆመው ግን የወራት እንጀራ ያስቀራል።