ልምድ ያለው የእሽቅድምድም ነጂ ቡድን ሲለውጥ ስለ ምን ይቸገራል?

ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የስፖርት ወሬ ይመስላል። ዳሩ ግን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው፣ የሰው ልጅ ሙያ የት እንደሚኖር የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ሙያ ያለው በሰውየው ውስጥ ብቻ ነውን? ወይስ በሰውየውና በሚሠራበት መሣሪያ፣ በሰውየውና አብረውት በሚሠሩት ሰዎች መካከል? የመኪና እሽቅድምድም ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው፤ በዚያ ሙያ ድካም የሚለካው በሰኮንድ ክፍልፋይ ስለሆነ ሊሸሸግ አይችልምና። ከዚህ በታች ስለ ውድድር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ነገሩ እንዴት ነው?

እንግሊዛዊው ሉዊስ ሃሚልተን በፎርሙላ ዋን ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ነጂ ነው። አንዱን በ2008 በማክላረን ቡድን፣ ስድስቱን በመርሴዲስ አግኝቷል። በመርሴዲስ ከ2013 እስከ 2024 ድረስ 12 የውድድር ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ በ2025 ወደ ኢጣሊያው ቡድን ወደ ፌራሪ ተሻገረ። ወደ ፌራሪ ሲገባ 105 ግራን ፕሪ አሸንፎ ነበር፤ ከእርሱ በፊት ይህን ያህል ያሸነፈ ነጂ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የ2025 ውድድር ሲፈጸም በአንድም ግራን ፕሪ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ተርታ ሳይቆም ቀረ። በሙያ ዘመኑ እንዲህ ያለ ዓመት ገጥሞት አያውቅም ነበር። ከ2019 ጀምሮ በፌራሪ ሲነዳ የቆየው ባልደረባው ሻርል ሌክሌር 242 ነጥብ ሲያገኝ፣ እርሱ 156 አገኘ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በሀንጋሪ፣ የመነሻ ቦታ በሚለይበት ቀን ሌክሌር ከሁሉ ቀድሞ አንደኛውን ቦታ ሲይዝ፣ ሃሚልተን በዚያው ዓይነት መኪና 12ኛ ሆነ።

ይህም የእርሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። አውስትራሊያዊው ዳንኤል ሪካርዶ በሬድ ቡል ቡድን ሰባት ግራን ፕሪ ያሸነፈ ነጂ ነበር። በሬኖ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2021 ወደ ማክላረን ሲገባ፣ በዕድሜ ከእርሱ የሚያንሰው ላንዶ ኖሪስ 160 ነጥብ አገኘ፤ ሪካርዶ ግን 115። በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ይጠባል ሲባል ይብስ ሰፋ፤ ኖሪስ 122፣ ሪካርዶ 37። ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረው ተቋረጠ። የሚያስገርመው ግን በ2021 በሞንዛ አሸንፎ ለማክላረን የዚያን ዓመት ብቸኛ ድል ያስገኘለት ይኸው ሪካርዶ መሆኑ ነው። እንግዲህ ችሎታው አልጠፋም ነበር ማለት ነው።

ቶሎ የሚሰጡ ምክንያቶች

ተመልካች በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ይታወቃል። «አርጅቷል» ይላል፤ ወይም «ገንዘቡን ካገኘ በኋላ ልቡ ቀዘቀዘ» ይላል። ሃሚልተን በ2025 40 ዓመት ሞልቶት ስለ ነበር የመጀመሪያው ምክንያት በእርሱ ላይ ጥቂት ሊሠራ ይችላል። ሪካርዶ ግን ወደ ማክላረን ሲገባ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ስለ ልብ መቀዝቀዝ የሚነገረውም፣ ሃሚልተን በፌራሪ ገና በሁለተኛው ሳምንት ውድድር በሻንግሃይ አጭሩን ውድድር ከማሸነፉ ጋር አይስማማም። ስለዚህ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆናል።

1ኛ፤ እግር የሚያውቀውን ራስ አያውቀውም

አባቶቻችን ጌታውን በፈረሱ ስም ይጠሩ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ተብለዋል። ሰውየውና ፈረሱ እንደ አንድ ይቆጠሩ ነበር ማለት ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚል ተረትም አለን፤ በእሽቅድምድም ግን ፈረሱም ይዋጋል። የጉግስ ተጫዋች በማያውቀው ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ልጓሙን ምን ያህል መሳብ እንዳለበት እጁ እንደማይነግረው ሁሉ፣ ነጂም በአዲስ መኪና ላይ ፍሬኑን ምን ያህል መርገጥ እንዳለበት እግሩ አይነግረውም።

ይህን በፊዚክስ እንየው። መኪናው በሰዓት 300 ኪሎሜትር ሲሮጥ፣ በክንፎቹ ላይ የሚያልፈው አየር ወደ መሬት ይጫነዋል። ጫናው የሚለወጠው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። ፍጥነቱ ከ300 ወደ 100 ወርዶ አንድ ሦስተኛ ሲሆን፣ የአየሩ ጫና ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ስለዚህ ነጂው ወደ መታጠፊያው ሲደርስ በመጀመሪያ ፍሬኑን በሙሉ ኀይሉ ይረግጣል፤ ከዚያ ጫናው እየቀነሰ ሲሄድ እግሩን በዚያው ልክ እያላላ ይመጣል። ፈጥኖ ካላላ መኪናው መታጠፊያውን ያልፋል፤ ከዘገየ ጎማው መሽከርከሩን ትቶ ይንሸራተታል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ወይም በሁለት ሰኮንድ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አስቦ የሚሠራ ሰው የለም፤ የሚሠራው የለመደው እግር ነው።

አሁን መኪናው ሲለወጥ የፍሬኑ ሠሪ ይለወጣል፤ የሞተሩም ጠባይ ይለወጣል። ሾፌሮቻችን ቁልቁለት ሲወርዱ ማርሽ ቀንሰው መኪናውን በሞተር እንደሚይዙት፣ ፌራሪም መኪናውን ወደ መታጠፊያው ለማስገባት በሞተሩ መያዝን አብዝቶ ይጠቀማል። ሃሚልተን ራሱ በ2025 እንዳስረዳው፣ በቀድሞው ቡድኑ እንዲህ መንዳት አልለመደም ነበር።

ስሕተቱ እጅግ ትንሽ ይሆናል። ነገር ግን 15 መታጠፊያ ባለው ጎዳና በእያንዳንዱ መታጠፊያ ከሰኮንድ 2 መቶኛ ብቻ ቢጠፋ፣ በአንድ ዙር 3 ዐሥረኛ፣ በ60 ዙር ደግሞ 18 ሰኮንድ ይሆናል። ይህም አሸናፊን ከስድስተኛና ከሰባተኛ ሊለይ የሚበቃ ልዩነት ነው።

2ኛ፤ አሮጌው ልማድ አዲሱን ይቃወማል

«ጀማሪም እኮ መኪናውን አያውቀውም፤ ታዲያ ልምድ ያለው ስለ ምን ይብሳል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ጀማሪ የሚማረው ባዶ ቦታ ላይ ሲሆን፣ ልምድ ያለው ግን ከመማሩ በፊት መተው ያለበት ነገር መኖሩ ነው።

በከተማችን በሐዋሳ ከባጃጅ ወደ ሚኒባስ የሚሻገረውን ሾፌር እናስብ። በባጃጅ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን የሚያዘው በግራ እጁ ነው። በሚኒባስ ግን ፍሪሲዮኑ ወደ ግራ እግር፣ ማርሹ ወደ ቀኝ እጅ ይሄዳል። ጎዳናው ባዶ ሲሆን ሁሉ ደኅና ነው። ድንገት ሕፃን ወደ መንገዱ ሲገባ ግን አስቀድሞ የሚንቀሳቀሰው አሮጌው እጅ ነው። እንዲሁም በሰኔ 1956 ዓ.ም. አገራችን መኪና የሚነዳበትን ወገን ከግራ ወደ ቀኝ ስትለውጥ፣ መተው ያለበት ልማድ የነበረው ብዙ ዘመን የነዳው ሾፌር እንጂ በዚያ ወር መንዳት የጀመረው አልነበረም።

በእሽቅድምድምም እንዲሁ ነው። ሪካርዶ መኪናውን በመታጠፊያው መካከል በፍጥነት ማንሸራሸር የለመደ ነጂ ነበር። የማክላረን መኪና ግን ፍሬኑን እስከ መታጠፊያው ውስጥ ድረስ ጠበቅ አድርጎ መያዝን ይፈልግ ነበር። ነጂው ይህን በአእምሮው ተረድቶታል፤ እያሰበ ሲሠራው ግን ይዘገያል፤ ሳያስብ ሲሠራው ደግሞ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ችግሩ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

3ኛ፤ መኪናውም ቋንቋውም የሌላ ሰው ነው

አንድ ነጂ በአንድ ቡድን ብዙ ዓመት ሲቆይ፣ መሐንዲሶቹ መኪናውን የሚያሻሽሉት እርሱ የነገራቸውን እየሰሙ ነው። ስለዚህ መኪናው ቀስ በቀስ እንደ ተለበሰ ጫማ የእርሱን እግር ይመስላል። አዲሱ ሰው የሚገባው በዚህ ጫማ ነው። በፌራሪ ሌክሌር ስድስት ዓመት ቀድሞ ነበር።

ከዚህም ሌላ ነጂ ብቻውን አይነዳም። በጆሮው የሚያነጋግረው መሐንዲስ አለ። ሃሚልተን በመርሴዲስ ለ12 ዓመት ከፒተር ቦኒንግተን ጋር ሠርቷል፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች በግማሽ ቃል ይግባቡ ነበር። በፌራሪ በ2025 ከሪካርዶ አዳሚ ጋር ሲጀምር ግን የትኛው ወሬ መቼ እንደሚነገር፣ ዝምታ «እሺ» ማለት ይሁን «አልሰማሁም» ማለት፣ ሁሉን ከሥሩ መማር ነበረባቸው። ነጂው «የኋላው ይፈራል» ሲል መሐንዲሱ ምን ማለቱ እንደሆነ ካላወቀ፣ የሚደረገው ማስተካከያ ሌላ ቦታ ያርፋል።

4ኛ፤ የመለማመጃ ጊዜ የለም

ጀርመናዊው ሚካኤል ሹማከር ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ1996 ወደ ፌራሪ ገባ። የሻምፒዮንነቱን ዘውድ በፌራሪ የጫነው ግን በ2000 ነው፤ ከዚያም እስከ 2004 ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ። በዚያ ዘመን ቡድኖች በውድድሮች መካከል እንደ ልባቸው ይለማመዱ ነበር፤ ፌራሪም በፊዮራኖ የራሱ ጎዳና አለው። ከ2009 ጀምሮ ግን ወጪን ለመቀነስ ሲባል በውድድሩ ወቅት መለማመድ በብርቱ ተገደበ። በ2025 ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በአዲሶቹ መኪናዎች በባሕሬን የተፈቀደው ልምምድ ሦስት ቀን ብቻ ነበር፤ እርሱም ለሁለት ነጂዎች ይከፈላል። ማስመሰያ መሣሪያ አላቸው፤ ይሁንና ፍሬን ሲያዝ ገላ ላይ የሚወርደውን ኀይል በሙሉ ሊሰጥ አይችልም።

ይህን ከአየር መንገዳችን ጋር እናነጻጽረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ቦይንግ 787ን፣ በ2016 ደግሞ ኤርባስ ኤ350ን ተረክቧል። በቦይንጉ አብራሪው የሚይዘው በፊቱ ያለውን መሪ ነው፤ በኤርባሱ ግን በጎኑ ያለች ትንሽ ዘንግ ናት። ሺህ ሰዓታት የበረረ ካፒቴን እንኳ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ሲሻገር «ልምድ አለኝ» ብሎ አይነሣም። እንደ ተማሪ ክፍል ይገባል፤ በማስመሰያው ውስጥ ይፈተናል፤ ከዚያም ከአስተማሪ ጋር ይበራል፤ ለዚያ ዓይነት አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ይህን ሲፈጽም ነው። ይህን ማንም እንደ ውርደት አይቆጥረውም። አቪዬሽን የተቀበለው እውነት፣ ልምድ ከሰው ጋር በሙሉ እንደማይጓዝ ነው።

ሁሉም ይቸገራልን?

አይደለም። ፈርናንዶ አሎንሶ በ2023 በ41 ዓመቱ ወደ አስተን ማርቲን ገብቶ፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ውድድሮች ስድስት ጊዜ ከሦስቱ ተርታ ቆሟል። አሎንሶ ከአንድ በላይ ቡድን ያየ፣ አነዳዱንም እንደ መኪናው ጠባይ በመለዋወጥ የታወቀ ነው። ከፌራሪ ወደ ዊሊያምስ የሄደው ካርሎስ ሳይንስ ደግሞ በ2025 መጀመሪያ ላይ ተቸግሮ፣ በሴፕቴምበር በባኩ፣ በኖቬምበርም በካታር ሦስተኛ ወጥቷል። እንግዲህ መቸገር የማይቀር ዕዳ አይደለም፤ የሚያልፍ ወቅት ሊሆን ይችላል። የሚያሳልፈውም ጊዜና ምን መተው እንዳለበት ፈጥኖ ማወቅ ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በየዓመቱ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ ተማሪዎች ይመጣሉ። ብዙዎቹ በትምህርት ቤታቸው አንደኛ የነበሩ ናቸው። 12 ዓመት ሙሉ ያሸነፉበት ዘዴ ነበራቸው፤ መምህሩ የጻፈውን መገልበጥ፣ የተገለበጠውን በቃል መያዝ። እዚህ ሲደርሱ መምህሩ ሁሉን አይጽፍም፤ ማንበብ የራስ ነው፤ ፈተናውም በቃል የተያዘውን ብቻ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲለጠፍ ዝቅ ያለውን ተማሪ ምን እንደምንለው እናውቃለን። «እዚያ ያመጣው ኮርጆ ነው» እንላለን። እርሱም እኛን አምኖ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ ከዚህ የተነሣ ሻንጣውን ይዞ የሚመለስ አለ። ስለ ሃሚልተን «አርጅቷል» ከሚለው ፍርድ ይህ የሚከፋው፣ ሃሚልተን ሰባት ዋንጫ በእጁ ሲኖረው ይህ ልጅ ግን ምንም የሌለው መሆኑ ነው።

ስለዚህ አዲስ የገባው ተማሪ «ምን ልጨምር?» ከማለቱ አስቀድሞ «የትኛውን ልማዴን ልተው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ነባሩ ደግሞ ጎዳናውን ስለሚያውቅ፣ በየትኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን እንደሚያዝ የሚነግር መሐንዲስ ይሁንለት። የተማሪዎች ማኅበራችንም በእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ከአዲሶቹ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ጀምሮ፣ አብረው የሚያጠኑበትን ሰዓት ቢወስን ወጪ የለበትም፤ የሚያስፈልገው አንድ ክፍልና ጥቂት ፈቃደኞች ናቸው። ነገ ተመርቀን ወደ ሥራ ስንገባም እኛው ራሳችን አዲስ ቡድን የገባን ነጂዎች እንሆናለን፤ ለሌላው የሰጠነውን ጊዜ ያን ጊዜ ለራሳችን እንፈልገዋለን።