ለመማር የሚከፈል ሁሉ የትምህርት ወጪ ነውን? የኮሌጅ ወጪዎች በአሜሪካ የፌዴራል ገቢ ግብር ሕግ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ የፌዴራል ገቢ ግብር ሥርዓት የትኞቹ የኮሌጅ ወጪዎች የተማሪን ወይም የቤተሰቡን ግብር እንደሚቀንሱ ይመረምራል። ሕጉ ለትምህርት ወጪ አንድ ወጥ ትርጉም የለውም፤ አንዱ ድንጋጌ የሚከለክለውን ወጪ ሌላው ይቀበለዋል። በመሆኑም የግብር ጥቅሙ የሚወሰነው በወጪው መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ወጪው በየትኛው ድንጋጌ ሥር እንደሚቀርብና በየትኛው ገንዘብ እንደተከፈለ ጭምር መሆኑን ጽሑፉ ያሳያል።

1. መግቢያ

በአሜሪካ ኮሌጅ የሚማር ሰው የትምህርት ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር፣ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ የጤና መድንና የብድር ወለድ ይከፍላል። ለተማሪው እነዚህ ሁሉ የመማር ዋጋ ናቸው፤ ማደሪያ የሌለው ተማሪ ትምህርቱን ሊከታተል አይችልምና። የግብር ሕጉ ግን ወጪዎቹን በአንድ ዓይን አያያቸውም። ጉዳዩ በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችንም ሆነ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ወደዚያ የሚሄዱ ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካል። ጥናቱ በፌዴራሉ ግብር ላይ ብቻ የተወሰነ ሲሆን የየክፍለ ግዛቱን ሕግ አይመለከትም።

2. ተቀናሽ እና ማካካሻ

በቅድሚያ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን መለየት ያስፈልጋል። ተቀናሽ የሚባለው ግብር የሚከፈልበትን ገቢ ሲቀንስ፣ ማካካሻ ወይም በተለምዶ ታክስ ክሬዲት የሚባለው ግን ግብሩን ራሱን ይቀንሳል። በ12 በመቶ የግብር መጣኔ ላይ ላለ ሰው የ1,000 ዶላር ተቀናሽ 120 ዶላር ብቻ ሲያተርፍለት፣ የ1,000 ዶላር ማካካሻ ሙሉውን 1,000 ዶላር ያተርፍለታል።

የትምህርት ክፍያን በቀጥታ ከገቢ ለመቀነስ ይፈቅድ የነበረው ድንጋጌ እ.ኤ.አ. ከ2020 የግብር ዘመን በኋላ ቀርቷል። ዛሬ ለአብዛኛው ተማሪ የቀረው ተቀናሽ የትምህርት ብድር ወለድ ሲሆን ጣሪያው በዓመት 2,500 ዶላር ነው። ዋናው ጥቅም የሚገኘው ከሁለት ማካካሻዎች ነው።

የመጀመሪያው የአሜሪካን ኦፖርቹኒቲ ማካካሻ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከመጀመሪያው 2,000 ዶላር ወጪ ሙሉውን፣ ከቀጣዩ 2,000 ዶላር ደግሞ 25 በመቶውን፣ በድምሩ እስከ 2,500 ዶላር ይሰጣል። ከዚህም ውስጥ 40 በመቶው፣ ማለትም እስከ 1,000 ዶላር የሚደርሰው፣ ግብር የሌለበት ቤተሰብም ቢሆን በጥሬ ገንዘብ ሊመለስለት ይችላል። የሚሠራው ግን ለአራት ዓመት ብቻ፣ ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ለተመዘገበና ዲግሪ ወይም ሌላ የታወቀ የምስክር ወረቀት ለሚከታተል ተማሪ ነው።

ሁለተኛው የላይፍታይም ለርኒንግ ማካካሻ ነው። ከ10,000 ዶላር ወጪ 20 በመቶውን፣ ማለትም በአንድ የግብር ማሳወቂያ እስከ 2,000 ዶላር ይሰጣል፤ ተመላሽ ግን አይሆንም። የዓመት ገደብ ስለሌለው ለድኅረ ምረቃ ተማሪና አንድ ኮርስ ብቻ ለሚወስድ ሠራተኛም ያገለግላል። ሁለቱም ላላገባ ሰው ከ80,000 ዶላር፣ በጋራ ለሚያሳውቁ ባለትዳሮች ከ160,000 ዶላር ገቢ ጀምሮ እየቀነሱ ሄደው በ90,000 እና በ180,000 ዶላር ላይ ያበቃሉ። ለአንድ ተማሪ በአንድ ዓመት ሁለቱን አጣምሮ መጠየቅ አይቻልም።

3. ብቁ ወጪ

በሁለቱም ማካካሻዎች መነሻው አንድ ነው፤ ለመመዝገብ ወይም ለመማር የግድ የሚከፈል የትምህርትና የአገልግሎት ክፍያ ብቁ ወጪ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው በመጻሕፍት ነው። በአሜሪካን ኦፖርቹኒቲ ለኮርሱ የሚያስፈልግ መጽሐፍና መሣሪያ ከየትም ይገዛ ብቁ ነው። በላይፍታይም ለርኒንግ ግን መጽሐፉ ብቁ የሚሆነው ተማሪው ለመመዝገብ ሲል ዋጋውን ለተቋሙ እንዲከፍል ከተገደደ ብቻ ነው። እንግዲህ አንዱ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሲያዝለት፣ ያንኑ መጽሐፍ ከውጭ ለሚገዛ የማስተርስ ተማሪ ላይያዝለት ይችላል።

የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መጓጓዣና መድን በሁለቱም ማካካሻዎች አይታሰቡም። የተማሪዎች የጤና አገልግሎት ክፍያም ለመመዝገብ ግዴታ ቢሆን እንኳ አይካተትም። ሆኖም ለኪራይና ለምግብ የተወሰደ የትምህርት ብድር ወለዱ ሲከፈል ተቀናሽ ይሆናል፤ የወለዱ ድንጋጌ የመኖሪያ ወጪን ከትምህርት ወጪ ስለሚቆጥረው ነው።

በተግባር ሁለት ነጥቦች ይዘነጋሉ። በብድር የተከፈለ የትምህርት ክፍያ ተማሪው ራሱ እንደከፈለው ስለሚታይ፣ ብድሩ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በተከፈለበት ዓመት ይያዛል። በተጨማሪም ኮሌጁ የሚልከው ፎርም 1098-ቲ ተማሪው ከሌላ ቦታ የገዛቸውን መጻሕፍት አያሳይም፤ ስለዚህ ደረሰኝ ማስቀመጥ የግድ ነው።

4. የነጻ ትምህርት ዕድል ገንዘብ

ከግብር ነጻ በሆነ ስኮላርሽፕ የተሸፈነ ወጪ ለማካካሻ ዳግም ሊቀርብ አይችልም። ስኮላርሽፑ ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት ሲውል ከግብር ነጻ ነው፤ ለኪራይና ለምግብ ሲውል ግን ግብር የሚከፈልበት ገቢ ይሆናል። ይህ ደንብ ቅጣት ቢመስልም ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪ ጥቅም ሊያስገኝ ይችላል።

ለምሳሌ የትምህርት ክፍያው 6,000 ዶላር የሆነና 5,000 ዶላር የፔል ድጎማ ያገኘ ተማሪ ቢወሰድ፣ ድጎማው በሙሉ ለትምህርት ክፍያ ከዋለ ለማካካሻ የሚቀረው 1,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ማካካሻውም ከዚያ አያልፍም። ከድጎማው 3,000 ዶላሩ ለኑሮ ወጪ ዋለ ተብሎ በገቢነት ቢመዘገብ ግን ብቁ ወጪው 4,000 ዶላር፣ ማካካሻውም እስከ 2,500 ዶላር ይሆናል። የተማሪው ጠቅላላ ገቢ ከመደበኛው ተቀናሽ በታች ከሆነ በተመዘገበው 3,000 ዶላር ላይ የገቢ ግብር አይኖርበትም። ስሌቱ የሚሠራው የድጎማው ውል ለኑሮ መጠቀምን ሲፈቅድና ተማሪው በእርግጥም የኑሮ ወጪ ሲኖረው ነው። ተማሪው በወላጁ ማሳወቂያ ላይ በጥገኝነት ከተያዘ ደግሞ፣ ክፍያውን ራሱ ቢፈጽምም ማካካሻውን የሚጠይቀው ወላጁ ነው።

5. ሥራ እና ትምህርት

ተቀጣሪ ሠራተኛ ለሥራው ሲል ከኪሱ የከፈለውን የትምህርት ወጪ ከፌዴራል ገቢው እንዲቀንስ የሚፈቅደው አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአብዛኛው ቀርቷል። በአንጻሩ አሠሪው የሚሸፍንለት እስከ 5,250 ዶላር ዓመታዊ የትምህርት ድጋፍ፣ በደንቡ መሠረት በወጣ መርሐ ግብር ከተሰጠ፣ ከግብር ነጻ ነው።

በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው አሁን ያለበትን ሙያ የሚያሻሽል ትምህርት በንግድ ወጪነት መያዝ ይችላል፤ ወደ አዲስ ሙያ የሚያሻግረውን ግን አይችልም። ስለዚህ በራሱ መኪና ተሳፋሪ እያመላለሰ የነርስነት ትምህርት የሚከታተል ስደተኛ፣ የትምህርቱን ክፍያ ከሾፌርነት ገቢው አይቀንስም። ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ ግን በማካካሻዎቹ ሊጠቀም ይችላል።

6. የነዋሪነት ጥያቄ

በኤፍ-1 ቪዛ የገባ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ አምስት የአቆጣጠር ዓመታት ብዙውን ጊዜ ለግብር ነዋሪ አይባልም፤ በኦገስት የገባም የዚያን ዓመት እንደ ሙሉ ዓመት ይቆጠርበታል። ነዋሪ ያልሆነ ግብር ከፋይ በመርሕ ደረጃ ሁለቱንም ማካካሻዎች አይጠይቅም፤ መደበኛውን ተቀናሽም አያገኝም። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው፣ ከአሜሪካ ተቋም ለኑሮ የሚሰጠው የስኮላርሽፕ ክፍል በ14 በመቶ መጣኔ ግብር ሊቀነስበት ይችላል። ለማስተማር ወይም ለምርምር አገልግሎት የሚከፈል ገንዘብ ግን ስኮላርሽፕ ሳይሆን ደመወዝ ነው። ስለዚህ የቅበላ ደብዳቤ የደረሰው ተማሪ አበሉን ከኑሮ ወጪው ጋር የሚያነጻጽረው ግብሩን ቀንሶ ሊሆን ይገባል።

7. ማጠቃለያ

በሕጉ ውስጥ ያለው ትልቁ ክፍተት የመኖሪያ ወጪ ነው። ማካካሻዎቹ ከነጭራሹ አያውቁትም፤ የብድር ወለድ ድንጋጌ ያውቀዋል፤ የስኮላርሽፕ ደንብ ደግሞ በተዘዋዋሪ ዋጋ ይሰጠዋል። ውጤቱም ሕጉን ያነበበና አማካሪ ያለው ቤተሰብ የሚያገኘውን ጥቅም፣ ይበልጥ የሚያስፈልገው ቤተሰብ ባለማወቅ ማጣቱ ነው። የኮሌጅ ወጪ ያለበት ሰው ማሳወቂያውን ከመሙላቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መመለስ ይጠበቅበታል፦ ለግብር ነዋሪ ነኝ ወይ? ማካካሻውን መጠየቅ የሚችለው ማን ነው? ወጪው የተከፈለው በየትኛው ገንዘብ ነው? ወጪውን የሚቀበለውስ የትኛው ድንጋጌ ነው? ብዙዎች የሚጀምሩት ከመጨረሻው ጥያቄ ቢሆንም፣ መልሱ ግን በቀደሙት ሦስቱ ላይ የተመሠረተ ነው።