የጥንድ ተጫዋች የሕይወት ሥራ፤ የኢንዶኔዢያዊቱ የግሬስያ ፖሊ ታሪክ

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የአበው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ እርሻና ስለ ቤት ሥራ ነው። ነገር ግን በጨዋታም ዘንድ እውነት ሆኖ ይገኛል። ሁለት ሰዎች አንድ ልብ ሆነው በሚጫወቱበት ስፍራ የአንዱ ጥፋት በሌላው ላይ ይደርሳል፤ የአንዱም ትጋት ሌላውን ያነሣል። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው በኢንዶኔዢያ አገር ባድሜንተንን መተዳደሪያዋ አድርጋ የኖረችው የግሬስያ ፖሊ ታሪክ ነው። በዓለም ፊት ተቀጥቶ የተባረረ ሰው እንዴት አድርጎ ወደ ክብር እንደ ተመለሰ ስለሚያሳይ፣ ልጅ ለሚያስተምርና ሰው ለሚያስታርቅ ሁሉ ይጠቅማል። ዓመታቱ የተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስለ ጨዋታው ሥርዓት

ባድሜንተን ተጫዋቾች ከመረብ ወዲህና ወዲያ ቆመው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የሚመታው ነገር እንደ ሌላው ኳስ ድቡልቡል አይደለም፤ ከቡሽ በተሠራ ራስ ላይ 16 ላባዎች የተተከሉበት፣ ክብደቱም 5 ግራም ያህል የሆነ ቀላል ነገር ነው። ይህም ጅማት በተወጠረበት ራኬት ይመታል። ለጥንድ ጨዋታ የተወሰነው ሜዳ ርዝመቱ 13 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 6 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ነው። ላባው በወገናቸው ሜዳ ውስጥ መሬት የነካባቸው ጥንዶች ነጥቡን ያጣሉ። በ20 ለ20 እኩል ካልሆኑ በቀር 21 ነጥብ አስቀድሞ ያገኘ ወገን ዙሩን ያሸንፋል፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈም ጨዋታውን ይወስዳል።

በጥንድ ጨዋታ ዋናው ጥበብ ቦታን መከፋፈል ነው። ጥንዶቹ በሚያጠቁበት ጊዜ አንደኛይቱ ከመረቡ አጠገብ፣ ሁለተኛይቱ ከኋላ ትቆማለች፤ በሚከላከሉበት ጊዜ ግን ጎን ለጎን ሆነው ሜዳውን ቀኝና ግራ ይካፈሉታል። ይህ መለዋወጥ ዓይን እስኪጨፈን ድረስ እንኳ ስለማይቆይ ለመነጋገር ጊዜ የለም፤ አንዲቱ የሌላይቱን እርምጃ አስቀድማ ማወቅ አለባት። ስለዚህ ባልንጀራዋ የተለወጠችባት ተጫዋች ትምህርቷን እንደ አዲስ ትጀምራለች።

ስለ ትውልዷና ስለ አገሯ

ግሬስያ ፖሊ በ1987 ዓ.ም. በጃካርታ ከተማ ተወለደች፤ ያደገችው ግን በሱላዌሲ ደሴት በማናዶ ከተማ ነው። ገና በልጅነቷ ጨዋታውን ለመማር ወደ ጃካርታ ተመለሰች። በኢንዶኔዢያ ባድሜንተን እጅግ የተወደደ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. ጨዋታው በባርሴሎና ኦሊምፒክ ሜዳልያ የሚሰጥበት በሆነ ጊዜ፣ በነጠላ ጨዋታ የሴቶቹንም የወንዶቹንም ወርቅ የወሰዱት የዚያች አገር ልጆች ሱሲ ሱሳንቲና አላን ቡዲኩሱማ ነበሩ። በጥንድ ሴቶች ግን ኢንዶኔዢያ ወርቅ ሳታገኝ ብዙ ዘመን ቆየች።

በለንደን ስለ ደረሰው ቅጣት

በ2012 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ጨዋታ በለንደን ሲደረግ፣ ግሬስያ ከሜይሊያና ጃውሃሪ ጋር ተጣምራ ቀረበች። በዚያ ዓመት ጥንዶቹ በምድብ ተከፍለው ከተጫወቱ በኋላ፣ ከየምድቡ ሁለት ሁለት ጥንዶች ወደሚቀጥለው ዙር እንዲያልፉ ተደንግጎ ነበር። በሚቀጥለው ዙር ማን ከማን ጋር እንደሚገጥምም አስቀድሞ የታወቀ ነበርና፣ ማለፋቸውን ያረጋገጡ ጥንዶች ብርቱ ተጋጣሚን ለመሸሽ መሸነፍ የሚጠቅማቸው ሆነ።

ሐምሌ 24 ቀን 2004 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የቻይና ጥንድ ከኮርያ ጥንድ ጋር ሲጫወቱ ሁለቱም ወገኖች ሆን ብለው ላባውን ከመረብ ላይ ያሳርፉና ከሜዳ ውጭ ይመቱ ጀመር። ከዚያም ግሬስያና ሜይሊያና ከሌላ የኮርያ ጥንድ ጋር ሲገጥሙ ይኸው ነገር ተደገመ። ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው ተመልካችም ጮኸባቸው። በማግሥቱ የዓለም የባድሜንተን ማኅበር «ለማሸነፍ የሚችሉትን ሁሉ አላደረጉም» ብሎ አራቱን ጥንዶች፣ ማለት ስምንት ሴቶችን፣ ከውድድሩ አስወጣቸው። ኢንዶኔዢያ አስቀድማ ይግባኝ ብላ ነበር፤ ኋላ ግን ይግባኙን አነሣች።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። በመጀመሪያ፣ ጥፋቱ የተጫዋቾቹ ስለ ነበረ ቅጣቱ ተገቢ ነበር። ሁለተኛም፣ ሥርዓቱ ራሱ ለተሸናፊ ጥቅም የሚሰጥ ሆኖ ተገኝቷል። ማኅበሩም ይህን ተመልክቶ በ2016 ዓ.ም. ለተደረገው ለሪዮ ኦሊምፒክ ደንቡን ለወጠ፤ ከየምድቡ ሁለተኛ የወጡት ጥንዶች ተጋጣሚያቸው አስቀድሞ እንዳይታወቅ ከምድቡ ጨዋታ በኋላ በዕጣ እንዲደለደሉ ተደረገ።

ስለ ተከታዮቹ ባልንጀሮቿ

ከቅጣቱ በኋላ ግሬስያ ሥራዋን አልተወችም። ከኒትያ ክሪሺንዳ ማሄስዋሪ ጋር ተጣምራ በ2014 ዓ.ም. በኮርያ በኢንቾን ከተማ በተደረገው የእስያ ጨዋታ ወርቅ አገኘች። በሪዮ ኦሊምፒክ ግን ከሩብ ፍጻሜ አላለፉም። ከዚያም ኒትያ በጉዳት ምክንያት ከሜዳ ስለ ራቀች፣ ግሬስያ በ29 ዓመቷ ባልንጀራ አልባ ሆነች፤ ጨዋታውንም ለመተው አሰበች።

በዚህ ጊዜ አሠልጣኟ ኤንግ ሂያን ወጣቶቹን እስክታሳድግ ድረስ ጥቂት እንድትታገሥ ለመናት። እርሱም በ2004 ዓ.ም. በአቴና ኦሊምፒክ በጥንድ ወንዶች የነሐስ ሜዳልያ ያገኘ ሰው ስለ ነበረ፣ የጥንድ ተጫዋችን ነገር ያውቃል። በ2017 ዓ.ም. በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ የምታንሳት አፕሪያኒ ራሃዩ የምትባል የደቡብ ምሥራቅ ሱላዌሲ ልጅ ተሰጠቻት። ታላቂቱ ልምድን፣ ታናሺቱም የጉልበትን ብርታት አመጣች፤ በዚያው ዓመትም በታይላንድና በፈረንሳይ የተደረጉትን ውድድሮች አሸነፉ። በ2018 እና በ2019 ዓ.ም. በዓለም ሻምፒዮና የነሐስ ሜዳልያ ወሰዱ።

በቶክዮ ስለ ተገኘው ድል

ለ2020 ዓ.ም. የታሰበው የቶክዮ ኦሊምፒክ በወረርሽኝ ምክንያት ወደ 2021 ዓ.ም. ተላለፈ፤ የባድሜንተኑም ጨዋታ ያለ ተመልካች ተደረገ። ግሬስያና አፕሪያኒ ከቀዳሚዎቹ ተመራጮች ተራ አልተቈጠሩም ነበር። ሆኖም በምድባቸው የዓለም አንደኞች የነበሩትን የጃፓን ጥንድ ድል አደረጉ፤ እስከ ፍጻሜውም ደረሱ። በፍጻሜው፣ ሐምሌ 26 ቀን 2013 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የቻይናዎቹን ቼን ቺንግቸንንና ጂያ ይፋንን 21 ለ19 እና 21 ለ15 አሸነፉ። በጨዋታው መካከል የግሬስያ ራኬት ጅማት ተበጠሰ፤ ላባው ገና በአየር ላይ ሲመላለስ ሮጣ ሌላ ራኬት አንሥታ ስትመለስ፣ አፕሪያኒ ብቻዋን ሜዳውን ጠበቀችላት።

ይህም ለኢንዶኔዢያ በጥንድ ሴቶች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር፤ በእርሱም አገሪቱ በአምስቱም የባድሜንተን ዓይነቶች ወርቅ ያላት ሆነች። ግሬስያ 34 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር። በ2022 ዓ.ም. ሰኔ በጃካርታ በሕዝብ ፊት ተሰናብታ ጨዋታውን አቆመች።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ግሬስያን በለንደን የቀጡ ዳኞች ለዘላለም አልዘጉባትም፤ የዚያን ጊዜው ፍርድ የዚያን ጊዜውን ጥፋት ብቻ ቀጣ። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ቢሆን ኖሮ የቶክዮው ወርቅ ባልተገኘ ነበር፤ አፕሪያኒም የምትማርባትን ታላቅ ባጣች ነበር። መምህር ያጠፋውን ተማሪ ሊቀጣ ይገባዋል፤ ነገር ግን የቅጣቱን ልክና ፍጻሜ አስቀድሞ ይወስን። ደግሞም ብዙ ልጆች በአንድ ዓይነት ጥፋት ሲገኙ፣ የትምህርት ቤቱ ደንብ ራሱ ወደ ጥፋት የሚመራ እንዳይሆን ይመርምር። ሽማግሌዎችም በደለኛን ካስታረቁ በኋላ ሥራ እንዲሰጠው ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ግሬስያን ወደ ክብር የመለሳት ታናሽን እንድታሳድግ የተሰጣት ሥራ ነበርና።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. በጥንድ ጨዋታ ተጫዋቾቹ ሲያጠቁና ሲከላከሉ አቋቋማቸው እንዴት ይለያያል?
2. በለንደን መሸነፍ የሚጠቅም የሆነው ስለ ምንድን ነው? ደንቡስ እንዴት ተስተካከለ?
3. አሠልጣኙ ግሬስያን እንድትታገሥ ባይለምናት ኖሮ ማን ማን በተጐዳ ነበር?