«እጠራጠራለሁ» በእንግሊዝኛ ሁለት ነው

በጋምቤላ እንግሊዝኛ ለፈተና ብቻ የሚጠና ትምህርት አይደለም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መነሻነት ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል የሚመጡ መርከቦችም ቡና ይጭኑ ጀመር። ቋንቋው ከዚያን ጊዜ አንሥቶ በወንዙ መንገድ ሲገባ ኖሯል። ዛሬም በኩሌ፣ በቴርኪዲና በጀዊ መጠለያ ጣቢያዎች የሚኖሩት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የመጡበት አገር የመንግሥት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። በእነዚህ ጣቢያዎች በአስተርጓሚነት፣ በጤና ረዳትነት ወይም በመዝጋቢነት መሥራት የሚፈልግ የከተማችን ወጣት ጥያቄ መጠየቅንና ጥያቄ መመለስን በእንግሊዝኛ ማወቅ ይኖርበታል።

ተማሪዎቼ ከቤታቸው የኑዌር ወይም የአኝዋ ቋንቋ ይዘው ይመጣሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ እንግሊዝኛውን የምንፈታው በአማርኛ ነው። ጥያቄና ጥርጣሬን በሚመለከቱ ቃላት ላይ የማየው ስሕተት አብዛኛው የሚፈጠረው እዚሁ መሸጋገሪያ ላይ ነው። ይህን ማብራሪያ የጻፍኩትም ለዚያ ነው።

የ«ጠየቀ» ብዙ ፊት

በአማርኛ ሰው ጥያቄ ይጠየቃል፣ ብድር ይጠየቃል፣ በሽተኛ ይጠየቃል፣ ሥራ ጊዜ ይጠይቃል፣ ያጠፋም በሕግ ይጠየቃል። ግሱ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለየጉዳዩ ሌላ ቃል ይዟል። መልስ ፈልገን ስንጠይቅ «አስክ» ነው። ዕቃ፣ ገንዘብ ወይም እርዳታ ስንጠይቅ ግን «ፎር» ይከተለዋል፤ «አስክ ፎር ሄልፕ» ይባላል። በሽተኛ መጠየቅ «ቪዚት» ነው። ሆስፒታል የተኛ አጎቱን ጠይቆ የመጣ ተማሪ «አይ አስክድ ማይ አንክል» ብሎ ቢናገር፣ ሰሚው «ምን ብለህ ጠየቅኸው?» ይለዋል።

አንዲት ትንሽ ቃል ሌላም ነገር ታበላሻለች። «ሐኪሙን ጠየቅኩት» ለማለት «አይ አስክድ ዘ ዶክተር» በቂ ነው። መሐል ላይ «ፎር» ከገባ «ሐኪሙ ይጠራልኝ አልኩ» ማለት ይሆናል። «ቱ» ከገባ ደግሞ ስሕተት ነው።

«ኢንኳየር»

ይህ ቃል ከ«አስክ» ይልቅ የጽሕፈትና የቢሮ ወግ አለው። ስለ ክፍት የሥራ ቦታ በደብዳቤ ስንጠይቅ «ኢንኳየር አባውት» እንላለን። «ኢንቶ» ሲከተለው ግን ነገሩ ይከብዳል፤ መጠየቅ መሆኑ ይቀርና ማጣራት ይሆናል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በአኝዋ ወገኖቻችን ላይ ግድያ ከተፈጸመ በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቋቋመው አካል በአማርኛ አጣሪ ኮሚሽን ተብሏል። በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ያለው ቃል «ኢንኳየሪ» ነው። «አጣሪ» በጣም ጥሩ ትርጉም ይመስለኛል። የደፈረሰ ውኃ እንደሚጠራ ሁሉ፣ የተደበላለቀ ወሬ ተጣርቶ የሆነው ነገር እንዲለይ ይጠበቃልና።

«ዳውት» እና «ሰስፔክት»

ከሁሉ በላይ የምፈራው ስሕተት ይህ ነው። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ሁለቱም «ተጠራጠረ» ተብለው ተተርጉመው ታገኛላችሁ። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ሁለቱ ቃላት ግን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚያመለክቱ ናቸው።

መጀመሪያ የራሳችንን ቋንቋ እንስማ። «ወባ ነው ብዬ እጠራጠራለሁ» የሚል ጤና ረዳት ምን ማለቱ ነው? ልቡ ወደ ወባ አዘንብሏል፤ ደሙ እንዲመረመር ይፈልጋል። «ወባ መሆኑን እጠራጠራለሁ» ቢል ግን ልቡ ከወባ ሸሽቷል፤ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል ብሎ ያስባል። ግሱ ያው «እጠራጠራለሁ» ነው። አማርኛ ልዩነቱን ያስቀመጠው ከግሱ በፊት በሚመጣው ነገር ላይ፣ በ«ነው ብዬ» እና በ«መሆኑን» ላይ ነው። እኛ ይህን ሳናስበው አጥርተን እንለያለን፤ ልጅ እንኳ አይስተውም።

እንግሊዝኛ ደግሞ ልዩነቱን ያስቀመጠው በግሱ ላይ ነው። የመጀመሪያው «አይ ሰስፔክት»፣ ሁለተኛው «አይ ዳውት» ይሆናል። ተማሪው «እጠራጠራለሁ»ን ብቻ ነጥሎ ወስዶ «ዳውት» ብሎ ሲተረጉመው፣ ሐሳቡን የያዘው «ነው ብዬ» እግረ መንገዱን ይወድቃል።

ጉዳቱን አስቡት። ክረምት ነው፤ ባሮ ሞልቷል፣ ትንኙ በዝቷል። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ከጣቢያ ወደ ከተማ ሲላክ፣ ላኪው «ወባ ነው ብዬ እጠራጠራለሁ» ለማለት «አይ ዳውት ማላሪያ» ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ከሌላ አገር የመጣ ሐኪም ይህን ሲያነብ የሚረዳው «ወባ አይመስለኝም» የሚለውን ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በተማሪ ደብተር ላይ ባየሁ ቁጥር በቀይ አርሜ አላልፍም፤ ክፍሉን አስቁሜ በሰሌዳ ላይ አስረዳለሁ።

መለያው ቀላል ነው። ሐሳባችሁን በ«አይመስለኝም» መተካት ከቻላችሁ «ዳውት» በሉ። በ«ሳይሆን አይቀርም» መተካት ከቻላችሁ «ሰስፔክት» በሉ። ፖሊስ «ተጠርጣሪ» የሚለው ሰው በእንግሊዝኛ ስሙ ከ«ሰስፔክት» የመጣውም ለዚህ ነው፤ ጥፋቱን ሳይፈጽመው አልቀረም ተብሎ የተያዘ ነውና።

አጻጻፉን በተመለከተ፦ «ዳውት» ሲጻፍ መሐሉ ላይ «ቢ» የሚባለው ፊደል አለ፤ ሲነበብ ግን አይሰማም። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ያለዚያ ፊደል ነበር። የጥንቱን የላቲን ሥር ለማሳየት የፈለጉ ሊቃውንት በኋላ ጨመሩት። እኛም «ንጉሥ»ን በንጉሡ ሠ የምንጽፈው ድምፁ ከእሳቱ ሰ ስለሚለይ አይደለም፤ የግዕዝ ሥሩን ስለምንጠብቅ ነው።

«ይሆን?» እና አክብሮት

«ይመጣ ይሆን?» ብሎ ለራሱ የሚያስብ ሰው በእንግሊዝኛ «አይ ዎንደር ኢፍ ሂ ዊል ካም» ይላል። «ዎንደር»ን «ተደነቀ» ብቻ ብላችሁ አትያዙ፤ «ኢፍ» ሲከተለው መደነቁ ቀርቶ «ይሆን?» ማለት ነው።

ይኸው ቃል ለትሕትናም ያገለግላል። እኛ አክብሮትን የምናሳየው በምናነጋግረው ሰው መጠሪያ ነው፤ «አንተ» «እርስዎ» ይሆናል፣ ግሱም ይከተለዋል። እንግሊዝኛ ግን ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «ዩ» ነው የሚለው። አክብሮቱን የሚያሳየው ግሱን ወደ ኃላፊ ጊዜ በመግፋት ነው። «ካን» «ኩድ» ይሆናል፣ «ዊል» «ዉድ» ይሆናል። «አይ ዎዝ ዎንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ ሄልፕ ሚ» የሚል ሰው ስለ ትናንት እየተናገረ አይደለም፤ አሁን፣ በአክብሮት እርዳታ እየጠየቀ ነው። «አይ ዎንት» ብሎ መጀመር በአማርኛ «እፈልጋለሁ» እንደ ማለት ቢመስልም በእንግሊዝኛ ጆሮ ትእዛዝ ይመስላል።

«አዎ» የሚያሳስትበት

መዝጋቢው «እዚህ ዘመድ የለህም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በእኛ ልማድ መልሱ «አዎ፣ የለኝም» ነው። «አዎ» የምንለው የጠያቂውን ንግግር እውነትነት ለማጽደቅ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ነገሩ መኖሩን፣ «ኖ» አለመኖሩን ይናገራል። ስለዚህ ለዚያ ጥያቄ «የስ» ብቻ ብሎ ዝም ያለ ሰው ዘመድ አለው ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። በአንዲት ቃል ብቻ አትመልሱ። «ኖ፣ አይ ዶንት» ብላችሁ ሙሉውን ተናገሩ። አስተርጓሚ የሆናችሁ ደግሞ የባለጉዳዩን «አዎ» ብቻ አታስተላልፉ፤ «የለኝም» ማለቱን አስተላልፉ።

ጥያቄው ራሱ ያልገባችሁ እንደሆነም ገምታችሁ አትመልሱ። «ኩድ ዩ ሪፒት ዘ ኩዌስችን፣ ፕሊዝ?» በሉ፤ ሁለቴም ቢሆን አስደግሙ። መልሱ የሚጻፈው በእናንተ ስም ነው።