ምዕራፍ 6፦ ብቻህን ቫኑ ፊት ስትቆም

አለቃህ «ይህን ቫን አንተ ትጨርሰዋለህ» ብሎ ሲወጣ የሚሰማህን ስሜት ልገልጽልህ አልሞክርም፤ ታውቀዋለህ። ትናንት ሌላ ሰው ጫፉን ይዞልህ ስትለጥፍ ያልከበደህ ስቲከር ዛሬ ብቻህን ስትይዘው ይከብዳል። እኔ እንደማምነው እጅ የሚንቀጠቀጠው ትናንት ማለቅ የነበረበት ነገር ሳያልቅ ዛሬ ሥራ ሲጀመር ነው። ስለዚህ ድፍረት ከመፈለግህ በፊት ዝግጅትህን ጨርስ።

ከጽዳቱ እንነሳ። ቫኑ ከዋዜማው ይታጠብ። ጠዋት ታጥቦ ወዲያው የሚለጠፍበት መኪና በበር ጎማዎቹና በጠርዞቹ ውስጥ ውኃ ይዞ ይመጣል፤ ስቲከሩን የምትገፋበት ስኩዊጂ ሲያልፍ ያ ውኃ ወጥቶ ሙጫው ሥር ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ሲሠራ የሚውል መኪና ላይ አቧራው ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው የናፍጣ ጥቀርሻውና መኪና አጣቢዎች የሚቀቡት ፖሊሽ ነው። ፖሊሽ የተቀባ ቆርቆሮ ለዓይን ያምራል፤ ሙጫ ግን አይቀበልም። በላርጎ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ አልኮል በነካው ጨርቅ ጥረገው፤ አልኮሉ ተንኖ ሳያልቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ አንሳው። በአንድ ጨርቅ ብቻ የሚሠራ ሰው ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያነሳውም።

ቫኑ በቅርቡ ጋራዥ ገብቶ ቀለም የተቀባ ከሆነ ባለቤቱ «ደርቋል» ቢልህም አትቸኩል። ላዩ የደረቀ ቀለም ውስጡ ያለው ቲነር ለብዙ ቀን እየተነነ ይወጣል። የመዳፍ ያህል ስቲከር ለጥፈህ እስከ ነገ ተወው። በማግስቱ ሥሩ አረፋ አረፋ ካለ ቀለሙ ገና ነውና ሥራው ይቆይ።

ስለ ስቲከሩ ዓይነት ደግሞ ሳትጠይቅ አትቀበል። ካስት የሚባለው በፈሳሽነቱ ተዘርግቶ በሙቀት የሚደርቅ ነው፤ ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከመኪናው ቅርጽ ጋር አብሮ ይታጠፋል። ካሌንደርድ የሚባለው በጋሉ ሲሊንደሮች መካከል እየተዳመጠ የሚሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ማይክሮን ይሆናል። ሲሠራ ተስቦ ስለነበረ ፀሐይ ሲመታው ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ይሰበሰባል። ለጥ ላለ የቫን ጎን ካሌንደርዱ ይበቃል። ቆርቆሮው ላይ ያሉት ቦዮች ውስጥ ግን ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ይነሳል።

እዚህ ላይ የሚያስቆጨኝን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ካሌንደርዱን «ካስት ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። «ርካሹን አድርግልኝ» ብሎ አጥብቆ ተከራክሮ፣ ስቲከሩ ሲነሳ የለጣፊውን ስም የሚያጠፋ ደንበኛም አለ። በሁለቱ መካከል የሚጎዳው ወር ሙሉ ቆሞ የሠራው ልጅ ነው። ቤተሰብም ቢሆን «ትምህርት ያልሆነለት የሚገባበት ሥራ» እያለ ልጁን አንገቱን ያስደፋዋል። በሚሊ ሜትር የሚለካ፣ ስለ ሙጫና ስለ ሙቀት እውቀት የሚጠይቅ ሙያ እንዴት የሰነፍ መጠጊያ ይባላል? ደንበኛው ርካሹን ከመረጠ ደረሰኙ ላይ የስቲከሩን ዓይነት ጻፍ፤ ያ ጽሑፍ በኋላ ይከራከርልሃል።

አሁን ለእጅ መንቀጥቀጡ ወደማምንበት መድኃኒት ልምጣ፦ ሰቅለህ ምሳ ብላ።

የጀርባው ወረቀት ሳይላጥ ሁሉንም ቁራጭ በወረቀት ፕላስተር ቫኑ ላይ ስቀል። ከመሬት አትለካ፤ መሬቱ ያዘነብላል፣ የጎማው ንፋስም እኩል አይሆንም። ከመስኮቱ ጠርዝ ወይም ከቆርቆሮው መስመር ለካ። ስልክ ቁጥሩ የበር እጀታ ላይ እንዳይወድቅ፣ አርማው የነዳጅ መክደኛው ላይ እንዳይከፈል እይ። ከዚያ ተንሸራታቹን በር ክፈተው። በሩ ወደ ኋላ ሲሄድ የኋላውን ጎን ይሸፍናል፤ በሩ ላይ ያለው ቃልም ተሻግሮ ሌላ ቃል አጠገብ ይቆማል። ዕቃ የሚያወርድ ቫን የቀኑን ብዙ ሰዓት በሩ ተከፍቶ ስለሚቆም ሰው የሚያነበው ያንን ነው።

ይህን ሁሉ ካየህ በኋላ እጅህን ታጥበህ ምሳህን ብላ፤ ስለ ሥራውም አታውራ። ስትመለስ ከመንገዱ ማዶ ቆመህ እይው። ቀጥሎ ሥራውን አይቶት የማያውቅ ሰው፣ የመኪና ጠባቂውም ይሁን ሻይ የምታፈላዋ እህት፣ ጥራና ጮክ ብሎ ያንብብልህ። ፊደል ሲቆርጥና ትርፉን ሲለቅም የዋለ ዓይን የሚያነበው የሚያውቀውን ነው፤ እንግዳ ዓይን ግን የተጻፈውን ያነባል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። አንድ የማውቀው ጎበዝ ልጅ የመጀመሪያ የብቻ ሥራው የአንድ ክሊኒክ ቫን ነበር። ስቲከሩ በመቁረጫ ማሽኑ በከተር ተቆርጦ ትርፉ ሲለቀም «የጤና አገልግሎት» ከሚለው ላይ የ«ጤ» ቀለበት ከትርፉ ጋር ተነቅላ ሄደች። ልጁ አላየም። ከጠዋት ጀምሮ «መኪናው መቼ ይወጣል?» እየተባለ ሲደወልለት ስለነበር ሳይሰቅል፣ ሳያስነብብ ለጠፈው። ባለቤቱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሊረከቡ መጥተው ቫኑ ላይ «የጠና አገልግሎት» የሚል አነበቡ። «ልጄ፣ በሽተኛ በማመላልስበት መኪና ላይ እንዴት እንዲህ ትጽፍብኛለህ?» አሉት። መስመሩ በሙሉ ተነቅሎ እንደ አዲስ ተቆረጠ፤ የስቲከሩ ዋጋም ከልጁ ክፍያ ላይ ተነሳ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ልጁ ዛሬ የራሱ ሱቅ አለው፤ ምንም ቁራጭ ሳይሰቅል አይለጥፍም።

ፊደላችን በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ጠ»ን ከ«ጤ» የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ወይም ቀለበት ብቻ ነው። ጽሑፉ አነስ ሲል ያ ቅጥያ ቀጥኖ ሲለቀም ይነሳል፣ ወይም ፊደሉን ወደ ቆርቆሮው የሚያሸጋግረው ትራንስፈር ሲላጥ አብሮ ይመጣል። ዲዛይን የሚሠራልህን ሰው ቅጥያዎቹን እንዲያወፍር ለምነው። ትራንስፈሩን ስትልጥ ደግሞ ወደ ራሱ አጥፈህ፣ ከቆርቆሮው ጋር አስጠግተህ በዝግታ ጎትት።

መለጠፉ ከዚህ በኋላ አይከብድም። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁም፤ ቆርቆሮው ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ሥራው ያምራል። በታኅሣሥ ጠዋት ቀዝቅዞ ሙጫው አይዝም፤ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ደግሞ ገና ሲነካው ይጣበቅና መመለሻ ያሳጣሃል። የሰቀልከውን ቁራጭ መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች በፕላስተር ያዝ፣ ግማሹን ላጥ፣ ወረቀቱን ቁረጥ፣ ከመሃል ወደ ዳር ግፋ። እያንዳንዱ ግፊት የቀደመውን በግማሽ ይደርብ። ጀርባው ላይ የአየር መውጫ መስመር ያለው ስቲከር በውኃ አይለጠፍም። ቦይ ላይ ስትደርስ ካስቱን በፎን አሙቀህ አስገባው፤ ስትጨርስ ያን ቦታ እንደገና ከ90 ዲግሪ በላይ አሙቀው፤ ያለዚያ ተመልሶ ይነሳል። አረፋ ከቀረ በመርፌ ብሳው። ምላጭ ቆርቆሮው ላይ አታሳርፍ፤ ቀለሙ ከተጫረ ዝገት ይገባል።

ሙጫው ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋልና ሾፌሩን በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም «ለጥቂት ቀን አይታጠብ» በለው።

ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለተለማማጁ የመጀመሪያውን የብቻ ሥራ በበዓል ዋዜማ አትስጡት፤ ጎኑ ለጥ ያለ ቫን ምረጡለት፤ ቢያበላሽ የሚተካበት አንድ ሜትር ትርፍ ስቲከር ከጎኑ አስቀምጡለት፤ እስኪጨርስም ስልኩን እናንተ አንሱለት።