ግሬደሩ ለምን እምቢ አለ?

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ደጋ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ውርጩንና ጉሙን እናንተው ታውቁታላችሁ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ ቀበሌ የሚገባውን የአፈር መንገድ ይሸረሽራል፤ ቦዩንም ይደፍናል። ስለዚህ ግሬደሩ ከሰኔ በፊት ሥራውን መጨረስ አለበት። ካልጨረሰ እህሉ ገበያ አይወጣም፤ ምጥ የያዛት እናትም በቃሬዛ ልትሄድ ነው።

ግሬደር መንገድ የሚደለድል መኪና ነው። ከሆዱ ሥር ረጅም ቢላዋ አለው። በአጼ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት (1882—1906 ዓ.ም.) አዲስ አበባ የገባው የመንገድ መዳመጫ በእንፋሎት ይሠራ ነበር። ባመጣው አርመናዊ ስም ሰዉ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ከዚያ በኋላ የናፍጣ መኪኖች መጡ። በእነዚህ ላይ የነዳጅ መስጫው ፔዳል በካቦ ወይም በብረት ዘንግ ከፖምፓው ጋር ይያያዛል። ካቦው ቢበጠስ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል።

በዛሬዎቹ ብዙ ግሬደሮችና ዶዘሮች ግን ካቦ የለም። ፔዳሉ ሥር ሴንሰር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። እግር ምን ያህል እንደተጫነ በቀጭን ሽቦ ለኮምፒዩተሩ ትናገራለች። ኮምፒዩተሩም ለሞተሩ ናፍጣ ያዛል። በብዙዎቹ መኪኖች ሴንሰሯ ከኮምፒዩተሩ 5 ቮልት ትቀበላለች። ፔዳሉ ሲለቀቅ ጥቂቱን፣ ሲረገጥ ብዙውን መልሳ ትልካለች። ብዙ ጊዜ መልእክተኞቹ ሁለት ናቸው። በሽምግልና ላይ የሁለት ምስክሮች ቃል ሲለያይ ፍርዱ ይቆም የለም? ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ያደርጋል። ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ያስቀምጠዋል። ፔዳሉ ቢረገጥም አይሰማም። ይህ ክፋት አይደለም። ያን የሚያህል ብረት ገደል አፋፍ ላይ በሐሰት ወሬ ከሚፈተለክ ቢቆም ይሻላል።

እኛ ተማሪዎቹ እንዲህ የቆመ ግሬደር አይተናል። በዙሪያው የነበሩ ሰዎች «ኦፕሬተሩ አበል ሊበላ ነው ያቆመው» ይሉ ነበር። ሰውየው ግን እውነቱን ነበር። ሽቦው ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ ተልጧል፤ በዚያ በኩል ጉም ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በእኛ አስተያየት ይህን ዓይነት መኪና ገዝቶ መመርመሪያውንና የሠለጠነ ሰው አለመመደብ ግማሽ ግዢ ነው።

ታዲያ መካኒኩ ከየት ይጀምራል? መጀመሪያ ቢላዋውን መሬት ያስይዛል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ይህ ሳይሆን ማንም ሰው መኪናው ሥር አይገባም። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር ያነባል። ሆኖም ቁጥሩ ሰፈሩን ይጠቁማል እንጂ ቤቱን አያሳይም። ጥቁር ጭስ ካለና ጉልበት ከጠፋ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ሥራ ሲከብድበት የሚጠፋ ከሆነ ናፍጣ አጥሮት ይሆናል። ፔዳሉ እየተረገጠ ሞተሩ ከሚኒሞ ካልተነሣ፣ መብራትም ከበራ፣ ያኔ የሽቦው ነገር ይጠረጠራል።

ባትሪውም ይታያል። በከባድ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ሞርሴቶው ከላላ ኮምፒዩተሩ ይቃዣል። ከዚያ ቁልፉ ተዘግቶ፣ ሽቦው ከፔዳሉ እስከ ሞተሩ በእጅ ይዳሰሳል። የተላጠ፣ አይጥ የበላው አለ? የሽቦው መጋጠሚያ ይነቀላል፤ እርጥብ ከሆነ ይደርቃል። በቢላ መፋቅ ግን ክልክል ነው፤ ጥርሱ ይሰፋና ሌላ ብልሽት ይመጣል። በመጨረሻ ቁልፉ ተከፍቶ በቴስተር ይለካል። 5 ቮልቱ ሴንሰሯ ዘንድ ካልደረሰ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ከደረሰና መልሷ እየዘለለ ከሆነ እርሷ ትቀየራለች። ኮምፒዩተሩ የሚጠረጠረው ሁሉም ደህና ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው።

እናንተስ? ግሬደሩ መንደራችሁ ሲያድር ልጆች ሽቦውን እንዳይነኩ ጠብቁ፤ ለማሰሪያ ብሎ የሚቆርጥም አይጠፋም። ጥራጥሬ በአጠገቡ አታከማቹ፣ አይጥ ይጠራል። ብረቱ የሚበየድ ከሆነ የባትሪው ሽቦ አስቀድሞ መነቀሉን ጠይቁ። ሳይነቀል ቢበየድ ኮምፒዩተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ጥያቄዎች
ሁለቱ መልእክተኞች ሳይስማሙ ሲቀሩ ኮምፒዩተሩ ምን ያደርጋል? ለምን?
መካኒኩ ሽቦውን ከመዳሰሱ በፊት ምን ምን ማድረግ አለበት?
በቀበሌያችሁ ግሬደር ሲያድር ማን ይጠብቀዋል? ተነጋገሩበት።