የድንጋይ ደወል እንደ ድምፅ ቅርስ፦ በዋግ ኽምራ ከፍተኛ ቦታዎች ለአሰባሰብና ለአጠባበቅ የቀረበ ሐሳብ

አጠቃሎ

የድንጋይ ደወል ዋነኛ እሴቱ ድምፁ ነው። በመሆኑም በርዝመቱና በክብደቱ ብቻ የተመዘገበ ደወል በከፊል እንደተመዘገበ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ የደወሉን የድምፅ ባሕርይ መነሻ በማድረግ በሰቆታና በአካባቢዋ ለሚከናወን የአሰባሰብና የአጠባበቅ ሥራ የሚያገለግሉ ነጥቦችን ያቀርባል፤ ደወሉ ከአገልግሎት ቦታው ሳይለይ ሊጠበቅ እንደሚገባውም ያስረዳል።

መግቢያ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል ምእመናንን ለጸሎትና ለቅዳሴ ሲጠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጽሑፉ ስለ ድንጋይ ደወሎች አውስቷል። ደወሎቹ ብዙውን ጊዜ መጠናቸው የሚለያይ ሁለት ወይም ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ሲሆኑ፣ ከዛፍ ወይም ከአግዳሚ እንጨት ላይ በገመድ ወይም በጠፍር ተንጠልጥለው በጠጠር ድንጋይ ወይም በእንጨት ይመታሉ። ሆርንቦስቴልና ዛክስ እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጡት የሙዚቃ መሣሪያዎች ምደባ መሠረት ገላቸው ራሱ ተንቀጥቅጦ ድምፅ ከሚሰጥ ተመቺ መሣሪያዎች ይመደባሉ። ስለዚህ የሙላቱ አስታጥቄ መታወቂያ ከሆነው ቫይብራፎን ጋር የቅርብ ዝምድና አላቸው።

የብረት ደወልና የድምፅ ማጉያ በገቡበት ደብር የድንጋይ ደወሉ ሥራ ይፈታል። ከተሰቀለበት ወርዶ መሬት ላይ ሲቀመጥም ከሌላ ድንጋይ የሚለየው ነገር አይታይም። ስጋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሳይሰበርና ሳይሰረቅ፣ ደወል መሆኑ ተረስቶ ለግንብ ሊውል ይችላል።

የድምፁ ምንጭ

ጥሩ ደወል የሚወጣው ስንጥቅ ከሌለው ጥብቅ ድንጋይ ነው። ፎኖላይት የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስሙን ያገኘው ሲመታ ከሚሰጠው ድምፅ ነው። የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት በሁለት መጠኖች ላይ በእጅጉ ይመሠረታል። ቅርጹ እንደ አሞሌ ረዘም ያለና ወጥ ውፍረት ያለው ድንጋይ ርዝመቱ ሳይለወጥ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን የንዝረት ድግግሞሹ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ ሳይለወጥ ርዝመቱ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ ድግግሞሹ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። በዚህ ምክንያት ከጫፉ የተሸረፈ ደወል ድምፁ ይቀጥናል፤ መካከሉ የሳሳ ግን ይወፍራል።

እንዲህ ያለው አካል በመሠረታዊ ንዝረቱ ከሁለቱም ጫፎች 22.4 በመቶ ያህል ገባ ብሎ የማይንቀሳቀሱ ሁለት ቦታዎች አሉት። የቫይብራፎን ሰሌዳዎች የሚበሱትና በገመድ የሚያዙት በእነዚሁ ቦታዎች አካባቢ ነው። የድንጋይ ደወል ቅርጹ ወጥ ስላልሆነ ቁጥሩ በቀጥታ አይሠራበትም፤ መርሑ ግን ያው ነው። ገመዱ ብዙ በሚንቀጠቀጥ ቦታ ላይ ከጠበቀ ድምፁ ታፍኖ ቶሎ ይጠፋል።

አጠባበቅ

ከዚህ በመነሣት አራት ጥንቃቄዎች ይመከራሉ። አንደኛ፣ የተበላ ገመድ ወይም ጠፍር ደወሉ ከመውደቁ በፊት ይለወጥ፤ አዲሱ በቀድሞው ቦታ ይታሰር። ሁለተኛ፣ ለዘመናት ሲመታ ጎድጎድ ያለው ቦታ እንዳለ ይተው፤ የአገልግሎቱ ምስክር ነውና። ሦስተኛ፣ የተሰነጠቀ ደወል በሲሚንቶ አይለሰን፣ ቀለምም አይቀባ፤ ሁለቱም ንዝረቱን ሊለውጡት ይችላሉ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ይበቃል። አራተኛ፣ ቀድሞ ጥርት ያለ ድምፅ የነበረው ደወል ድንገት ድምፁ ከደነዘዘ የተደበቀ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል እስኪመረመር ድረስ አይመታ።

አሰባሰብ

በቅርስ ሥራ መሰብሰብ ማለት የግድ ማንሣት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 በቬትናም ደጋማ አካባቢ የተገኙ ጥንታዊ የድምፅ ድንጋዮች ወደ ፓሪስ ሙዚየም ተወስደዋል። ድንጋዮቹ ከጥፋት ድነዋል፤ ከተገኙበት አካባቢና ሕዝብ ግን ርቀዋል። ለዋግ የሚሻለው ደወሉን በደብሩ እንደተሰቀለ ትቶ መረጃውን መሰብሰብ ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ የሚገኝ ሰው እንዲያስመዘግብ ይጠይቃል። የደወል መዝገብ ከልኬትና ከፎቶግራፍ በተጨማሪ የእያንዳንዱን ድንጋይ ድምፅ፣ የመምቻውን ዓይነት፣ የሚመታበትን ቦታና የአመታቱን ሥርዓት በድምፅና በምስል ቀረጻ መያዝ አለበት። ለቅዳሴና ለቀብር የሚሰማው አመታት የሚለያይ ከሆነ ልዩነቱን የሚያውቀው ደዋዩ ነው፤ እርሱ ካለፈ ድንጋዩ ብቻውን አይናገረውም። በዋግ ኽምራ ደግሞ ስያሜዎቹ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኽምጣኛም መጠየቅና መጻፍ አለባቸው።

መደምደሚያ

በሰቆታ አቅራቢያ እንደሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ያሉ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የተመራማሪን ዓይን የሚስቡት በሕንጻቸው ነው። ጆሮም ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደውና ዋግ ኽምራንም የነካው ጦርነት በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ቅርስ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ አሳይቷል። የደወል ድምፅ ቅጂ ለመያዝ የሚያስፈልገው መቅጃ፣ ሜትርና የደዋዩ ፈቃደኝነት ነው። ከሦስቱ በጊዜ የሚያልፈው የመጨረሻው ስለሆነ ሥራው ከዚያ ቢጀመር ይበጃል።